ወለሉ ሞቀ፤ ደጁ ግን ተዘጋ

በኮሪያ አገር ቹንቾን በምትባለው ከተማ፥ በውሃ ዳር፥ ጣራው እንደ ጎጆ ቤታችን ሾጣጣ ሆኖ የተሠራ አንድ አዳራሽ አለ። ከየት እንደ መጣ የማያውቅ መንገደኛ «ይህ ደግሞ የማን አገር ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ መልሱ «የኢትዮጵያ ነው» የሚል ይሆናል። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት ለቃኘው ሻለቃ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን በ2007 የተከፈተ አዳራሽ ነውና። በዚያው አጠገብ በ1968 ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት የተመረቀው ሐውልት ቆሟል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ኮሪያውያን የእኛ ቤት ምን እንደሚመስል በአገራቸው ሠርተው ለልጆቻቸው ሲያሳዩ፥ እኛ የእነርሱን ቤት ሳናውቅ ብንቀር ነውር ይመስለኛል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ወደ ኮሪያ ቤት ጫማችንን አውልቀን እንግባ። ሕዝቡ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ በወጣ ጊዜ ምን ይዞ እንደ ወጣ፥ ምንስ ጥሎ እንደ ወጣ እንመልከት። ከተማ ባደገበት አገር ሁሉ ይኸው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና ነገሩ ለማንም ይጠቅማል።

የጥንቱ የኮሪያ ቤት ሃኖክ ይባላል። ምሰሶው እንጨት፥ ግድግዳው ጭቃ፥ ክዳኑም ለባለጸጋው ሸክላ፥ ለድኻው የሩዝ ገለባ ነው። በመስኮቱና በበሩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ይለጠፋል። የጣራው ታዛ ረዘም ብሎ ስለሚወጣ፥ በሙቀቱ ወራት ፀሐይ ከላይ ስትቆም ለቤቱ ጥላ ይሆነዋል፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ብርሃኗን እስከ ውስጥ ድረስ ያስገባል። ይህን ሁሉ ያሰበ ሰው ዲፕሎማ አልነበረውም፤ ፀሐይን አይቶ የሚሠራ አናጢ ነበር።

በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ። አንደኛው ኦንዶል የሚባለው የሞቀ ወለል ነው። ከክፍሉ ጐን ባለው ምድጃ እሳት ይነድዳል፤ እራትም ይበስልበታል። ጢሱና ትኩሳቱ ግን በከንቱ አይወጣም፤ በወለሉ ሥር በተሠራው መሹለኪያ አልፎ፥ በላዩ የተነጠፉትን ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሙቆ፥ በወዲያኛው ወገን ባለው ጢስ መውጫ ይወጣል። ድንጋዩ በጭቃ ይመረጋል፤ በጭቃውም ላይ ዘይት የጠጣ ወፍራም ወረቀት ይለጠፋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ እሳት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ምግቡን ያበስላል፥ ቤቱንም ያሞቃል። ድንጋይ ትኩሳት ይዞ የሚያድር ስለ ሆነ፥ የማታው እሳት እስከ ሌሊት ድረስ ጀርባ ያሞቃል። ኮሪያዊው ጫማውን አውልቆ የሚገባው፥ በወለሉ ላይ የሚቀመጠው፥ የሚበላውና የሚተኛውም ከዚህ የተነሣ ነው። ለምድጃው ቅርብ የሆነው ሥፍራ ከሁሉ ይልቅ ስለሚሞቅ ለሽማግሌና ለእንግዳ ይለቀቃል፤ በእኛም ዘንድ መደቡ ለታላቅ እንደሚለቀቅ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማዳንግ የሚባለው ግቢ ነው። ማዳንግ አበባ አይተከልበትም፤ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ፥ የተጠረገ መሬት ነው። ባዶ መሆኑም ጥቅም አለው። በርበሬ ይሰጣበታል፥ ሠርግ ይደገስበታል፥ የሞተም ከዚያው ይሸኛል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ጎረቤት ከጎረቤት ተሰብስቦ ጎመኑን በጨውና በበርበሬ እያሸ፥ ለወራት የሚበላውን ኪምቺ በጋን ይከታል። ይህ ኪምቺ የማዘጋጀትና የመካፈል ልማድ በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ ተጽፏል። በአጭሩ፥ ወለሉ ቤተሰቡን ያሞቃል፤ ግቢው ደግሞ ጎረቤቱን ይሰበስባል።

በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ፥ አገሪቱ በጃፓን እጅ ሳለች፥ በሴኡል ሕዝብ እየበዛ መሬት እየጠበበ ሄደ። በዚያን ጊዜ ጆንግ ሴግወን የተባሉ ቤት ሠሪ ሰፋፊ የመኳንንት ይዞታዎችን እየገዙ በትንንሹ ከፋፈሉና፥ በየቁራሹ ላይ አነስተኛ ሃኖክ በተርታ ሠሩ። መስተዋትና ቆርቆሮ የመሰለውን አዲስ ዕቃ ጨመሩበት፤ ይሁን እንጂ ከየቤቱ ግቢውን አላስቀሩም። ግቢው ጠበበ እንጂ አልጠፋም። ዛሬ ጎብኝዎች በቡክቾን ሠፈር «እጅግ የጥንት መንደር» እያሉ ፎቶግራፍ ከሚያነሡአቸው ቤቶች ብዙዎቹ በዚያ ዘመን የተሠሩ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ከ1950 እስከ 1953 በቆየው ጦርነት ሴኡል አራት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ቤቱም ፈረሰ። ሰላም በሆነ ጊዜ ደግሞ ገጠሬው ወደ ከተማ ጐረፈ። በ1960 ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የነበረው የሴኡል ሕዝብ በ1970 ከአምስት ሚሊዮን አለፈ፤ በ1988 ደግሞ አሥር ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ሁሉ ሕዝብ በምድር ቤት ማስቀመጥ እንደማይቻል የታወቀ ነው። በ1962 ማፖ በተባለው ሠፈር ባለ ስድስት ፎቅ የሆኑ የመኖሪያ ሕንፃዎች ተመረቁ። የኮሪያ ሕዝብ የፎቅ ኑሮ ዘመን በዚህ ጀመረ ማለት ይቻላል።

ወደ ፎቅ መውጣቱ ግን ያለ ዕዳ አልሆነም። የሴኡል ሹሞች በኮረብታ ላይ የሰፈረውን ድኻ ሁሉ ባጭር ጊዜ በፎቅ እናስቀምጣለን ብለው ሥራውን አጣደፉት። ዋኡ በተባለው ኮረብታ ላይ የተሠሩት ሕንፃዎች በስድስት ወር ተፈጸሙ። ከነዚህ አንዱ ከተመረቀ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይቶ፥ በ1970 በኤፕሪል ወር ማለዳ፥ ሰው ገና ከመኝታው ሳይነሣ ተናደ፤ ከ30 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ምሰሶዎቹ የሚገባቸውን ያህል ብረትና ሲሚንቶ አላገኙም ነበር፤ መሠረቱም የቆመው በተዳፋት ላይ ነበር። የከተማዪቱ ከንቲባ ሥራቸውን ለቀቁ፤ የሞቱት ግን አልተመለሱም። ይህን ታሪክ፥ ነገ በደብዳቤና በፊርማ ሥራ የሚያዝዝ ወጣት ሁሉ ቢያስታውሰው መልካም ነው። በወረቀት ላይ የተቈረጠ ቀን ሲሚንቶ አያጠነክርም።

ሁለተኛው ችግር እሳቱ ነበር። እንጨት እየጠፋ ስለ ሄደ፥ ሕዝቡ ከድንጋይ ከሰል ዱቄት የተጠፈጠፈ፥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጡብ የመሰለ ነገር ያነድድ ጀመር። ዋጋው ርካሽ፥ ትኩሳቱም ብዙ ነበር። ነገር ግን ወለሉ በተሰነጠቀ ጊዜ ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ወደ መኝታው እየገባ፥ በየዓመቱ ብዙ ሰው እንደ ተኛ ቀረ። የሞቀው ወለል፥ የቤተሰቡ ደስታ፥ ገዳይ ሆነ።

እዚህ ላይ ኮሪያውያን «እንግዲያው ልማዳችንን ትተን እንደ አውሮፓውያን በወንበርና በአልጋ እንኑር» ሊሉ ይችሉ ነበር። እንዲህ አላሉም። ልማዱ ምን እንደ ሆነ፥ መሣሪያውስ ምን እንደ ሆነ ለይተው አሰቡ። ልማዱ የሞቀው ወለል ነው፤ እሳቱና ጢሱ ግን መሣሪያ ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቱን ከወለሉ ሥር አወጡትና በወለሉ ውስጥ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ዘረጉ። ጢስ ይዞ ወደ ሰማይ መውጣት አይቻልም ነበር፤ ውሃ ግን በቧንቧ እስከ ሠላሳኛው ፎቅ ይወጣል። ዛሬ በሴኡል በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ የሚኖር ወጣት ከሥራው ሲመለስ እንደ አያቱ ጫማውን በደጃፍ አውልቆ በሞቀ ወለል ላይ ጋደም ይላል። መንግሥትም የኦንዶልን ባህል በ2018 የአገር ቅርስ አድርጎ መዘገበው።

ይህ ዘዴ ከኮሪያም ወጥቷል። ፍራንክ ሎይድ ራይት የተባሉት ታላቁ የአሜሪካ አርክቴክት በ1914 ገደማ በጃፓን ሳሉ እንደ ኮሪያ ልማድ በተሠራ ክፍል ገብተው፥ ብርዱ በድንገት እንደ ለቀቃቸውና እጅግ እንደ ተደነቁ ጽፈዋል። ከዚያ በኋላ በ1937 በዊስኮንሲን በተፈጸመው ጄኮብስ ቤት በሚባለው አነስተኛ መኖሪያ ከወለሉ ሥር ማሞቂያ ዘረጉ። የገበሬው የጭቃ ወለል የሊቁ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወለሉ ወደ ፎቅ ወጣ። ግቢውስ? ግቢው በታች ቀረ። ዛሬ ከኮሪያ ቤተሰብ ከግማሽ የሚበልጠው በአፓርታማ ይኖራል። ሕንፃዎቹ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በየግድግዳቸው ላይ ትልቅ ቍጥር ይጻፍባቸዋል። በእርግጥ ሕዝቡ ተገድዶ ብቻ አልገባባቸውም፤ ውሃውና መብራቱ የተሟላ፥ ለጥበቃ የሚመች፥ ለመሸጥም የሚቀል ቤት ስለ ሆነ ወድዶት ነው። ይሁን እንጂ በማዳንግ ላይ ኪምቺ ይካፈል የነበረው ጎረቤት ዛሬ የሚታወቀው በኮቴው ድምፅ ሆኗል። የላይኛው ልጅ ሲሮጥ የታችኛው ጣራ ይንኳኳል፤ ከዚህም ክርክር፥ አልፎ አልፎም ደም የሚያፋስስ ጠብ ይነሣል። በ2012 መንግሥት ይህንኑ የፎቅ ጫጫታ ክርክር የሚያይ ጽሕፈት ቤት እስከ ማቋቋም ደረሰ። ቀድሞ ባዶ መሬት በነጻ ይሠራው የነበረውን እርቅ ዛሬ የመንግሥት ሠራተኛ በደመወዝ ይሠራዋል።

በዘመናችን ያሉት የኮሪያ ቤት ነዳፊዎች የሚደክሙት እንግዲህ ለዚሁ ነው፤ የወጣውን ወለል ሳያወርዱ የቀረውን ግቢ ለማስመለስ። ከሙከራቸው ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛው የለውዝ ቤት ይባላል። በ2010 ሊ ህዮንኡክ የተባለው አርክቴክትና ጉ ቦንጁን የተባለው ጋዜጠኛ ለየብቻቸው መሬት ለመግዛት አቅም ስላነሳቸው፥ በሴኡል አቅራቢያ በዮንጊን አንድ ቦታ በጋራ ገዝተው ሁለት የተጣበቁ የእንጨት ቤቶች ሠሩ። በአንድ ቅርፊት ውስጥ ሁለት ፍሬ እንዳለው ለውዝ ስለ ሆነ ስሙ ከዚያ ወጣ። ግቢው የሁለቱም ነው፤ ልጆች ቢሮጡ ከታቻቸው የሚቈጣ ጎረቤት የለም። በ2011 ታሪኩን በመጽሐፍ ሲያወጡት ብዙ ወጣት ባልና ሚስት የእነርሱን ምሳሌ ተከተሉ።

ሁለተኛው ያ የ1962ቱ አፓርታማ በቆመበት በማፖ ክፍል የተሠራ ነው። ሶሄንግጁ በሚባለው በ2011 በተፈጸመው ሕንፃ ዘጠኝ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ቤቱ ሳይሠራ አስቀድመው ተሰብስበው ተመካከሩ፤ እያንዳንዱ የቤቱን ክፍል እንደ ኑሮው አስነደፈ። ሁሉም አብረው የሚበሉበትና የሚጫወቱበት የጋራ ክፍል እንዲኖራቸው ተስማሙ። እንግዳ ሰዎች ሆነው ቤት ከመግዛት ጎረቤት ሆነው ቤት መሥራት ይሻላል ማለታቸው ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ሪከን ያማሞቶ የተባሉት ጃፓናዊ አርክቴክት በ2010 በፓንግዮ ከተማ በዘጠኝ ክምችት የተከፈሉ ዝቅ ያሉ ቤቶችን ሠሩ። የየቤቱን መግቢያ ክፍል በመስተዋት አድርገው ከጋራው ሰገነት ጋራ አገናኙት። ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ ገዢው «ገመናችንን ሰው ሁሉ ሊያየው ነው» ብሎ ሸሸ። የገቡት ሰዎች ግን ውለው ሲያድሩ የመስተዋቱን ክፍል ሻይ መጠጫ፥ የእጅ ሥራ መሥሪያ፥ የልጆች መጫወቻ አደረጉት። የሚያልፈው ሰው ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታውም ወዳጅነት ወለደ። በ2020፥ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ ነዋሪዎቹ ራሳቸው አርክቴክቱን ጋብዘው አመሰገኗቸው። በ2024 ደግሞ ያማሞቶ ፕሪትስከር የተባለውን የዓለም ታላቅ የአርክቴክቶች ሽልማት ተቀበሉ። እኔ ግን ከሁለቱ ክብር የነዋሪዎቹ ግብዣ ይበልጣል እላለሁ።

አንዳንድ ሰው «እነዚህ ሦስት ቤቶች ከሚሊዮን አፓርታማ ጋራ ሲነጻጸሩ ምን ናቸው?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥቂት ናቸው። ነገር ግን የማፖው ሕንፃም በ1962 አንድ ሙከራ ብቻ ነበር። እርሱ ራሱ በ1991 ለሌላ ከፍ ላለ ሕንፃ ቦታውን ለቀቀ፤ ያስጀመረው ኑሮ ግን አገሩን ሞላው። ቤት ይፈርሳል፤ የቤት አሳብ ግን ይዋለዳል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል ዛሬ በአንዲት ኪራይ ክፍል ተቀምጦ ይህን የሚያነብ፥ ነገ የከተማ ፕላን የሚነድፍ ወይም በፕላን ላይ የሚፈርም ይኖራል። ያን ቀን ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ፎቁ ቁመት ብቻ አትጠይቁ። «ሰው በዚህ ቤት ውስጥ በምን ይሞቃል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፥ «ሰው ከዚህ ቤት ወጥቶ ከማን ጋራ ይገናኛል?» ብላችሁ ጨምሩ። ኮሪያውያን ለመጀመሪያው ጥያቄ በቧንቧ መለሱ፤ ለሁለተኛው ግን ገና መልስ እየፈለጉ ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፥ ጎረቤት የሚገኝበትን ሥፍራ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ መተው፥ በኋላ ከመፈለግ ይቀላል።