ያረጀው ኮምፒዩተር ከመወገዱ በፊት ይከፈት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ነገሌ ቦረና በተጓዝኩበት ወቅት በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህሩ የኮምፒዩተርን ክፍሎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ ያስተምራል። ከግድግዳው ማዶ በተቆለፈው መጋዘን ውስጥ ደግሞ «የማይሠሩ» የተባሉ ኮምፒዩተሮች ቀይ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ስለ ምን እንደማይጠገኑ ብጠይቀው፣ «ዶክተር፣ ከፈትኩት ማለት በንብረቱ ተጠያቂ ሆንኩ ማለት ነው፤ ደግሞም አዲስ ተጠይቋል» አለኝ።

ከርዕሰ መምህሩ ፈቃድ አግኝተን አምስቱን ከፈትናቸው። ማራገቢያዎቹ በአቧራ ታፍነዋል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቋል፤ ቀንና ሰዓት የምትጠብቀው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። በብሩሽ ጠረግን፣ ባትሪ ቀየርን፣ ከሁለቱ ራም አውጥተን ለሦስቱ ሰጠን። ከመምሸቱ በፊት ሦስቱ ተነሡ። ይህ ተአምር ሳይሆን የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው። አቧራ ሙቀትን አያሳልፍም፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲብስም ይጠፋል። እንደ ሞያሌ ባሉ የቆላ ከተሞች ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

«ቢነሣስ፣ እጅግ አዝጋሚ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን እንመርምር። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7200 ጊዜ ቢሽከረከር አንዱ ዙር 8.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ከንባብ መርፌው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊ ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው፤ መርፌው ወደ ቦታው ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜም በዚህ ላይ ይደመራል። የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ይህንኑ በ0.1 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጽማል። ስለዚህ የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ማሽን ኤስ.ኤስ.ዲ. ቢገባለትና ራሙ ወደ 8 ጊጋባይት ቢያድግ፣ ለጽሕፈት፣ ለስሌትና ለፕሮግራም ልምምድ የሚያንሰው ነገር አይኖርም።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ደህና የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን መስፈርት አያሟሉም። ይህ ማለት ግን ሞተዋል ማለት አይደለም። እንደ ሉቡንቱና ሊኑክስ ሚንት ያሉ ነፃ የሊኑክስ ዓይነቶች በአነስተኛ አቅም ይሠራሉ፤ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ያጽፋሉ። ኢንተርኔት በማይደርስበት ትምህርት ቤት ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ከዲስክ ማንበብ፣ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጃቸውን የፊዚክስ ማስመሰያዎችም ያለ ኔትወርክ ማንቀሳቀስ ይቻላል።

በውጭ አገር የዶክትሬት ጥናቴን ባካሄድኩበት ቤተ ሙከራ ዋናውን መሣሪያ ይቆጣጠር የነበረው ኮምፒዩተር በክፍሉ ካሉት ሁሉ ያረጀው ነበር። ሥራውን እስከሠራ ድረስ ሊጥለው ያሰበ ሰው አልነበረም። ሀብታሙ የሚቆጥበውን ድሃው ሲጥል ማየት ያሳዝናል፤ በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ያመረተች ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ ያነሰው ነው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም አሮጌ ዕቃ ይጠገን አልልም። በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ትምህርት ቤት ባለ ትልቅ ቱቦ ስክሪን ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ኤሌክትሪክ ፈጂ ነው፤ የስክሪኑ መስተዋትም እርሳስ ስላለበት በጥንቃቄ መወገድ ይገባዋል። ተማሪዎችም ልብ በሉ፦ ማንኛውንም ኮምፒዩተር ከኤሌክትሪክ ሳትነቅሉ አትክፈቱ፤ የፓወር ሰፕላዩን ሳጥንና ባለ ቱቦውን ስክሪን ግን ቢነቀሉም አትንኩ፤ ለሞት የሚያበቃ ቮልቴጅ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ማንኛውም የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር «ይወገድ» ተብሎ ከመፈረሙ በፊት ተከፍቶ ይመርመር። የንብረት መመሪያውም ለመምህሩ በኮሚቴ ፊት የመክፈትና ከአንዱ አውጥቶ ለሌላው የመስጠት ሥልጣን በግልጽ ይስጠው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪዎች ደግሞ በዕረፍታቸው ብሩሽና መፍቻ ይዘው ወደየወረዳቸው ይውረዱ።

የቦረና ሕዝብ ይህን ጥበብ ከእኛ መማር አያስፈልገውም። ለዘመናት ሰውና ከብት ያጠጡት የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶች ደለል ሲሞላቸው ወይም ሲናዱ፣ ሕዝቡ በአባ ኼሬጋው አስተባባሪነት ተሰብስቦ ይጠርጋቸዋል፣ ይጠግናቸዋል። ያንን ጉድጓድ «አርጅቷል» ብሎ ቆልፎበት፣ አዲስ እስኪመጣለት በጥም የሚጠብቅ የለም። እኛ ግን መጋዘኑን ቆልፈን ተማሪዎቻችንን እያስጠበቅን ነው።