በሩን በደረቁ አታስፍቁ

እኩዮቼ፣ የቦሌ፣ የገርጂና የመገናኛ ነባር ነዋሪዎች ሆይ፤ ክረምቱ ሲወጣ የየቤታችን የውጭ በር ገበናው ወጥቷል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው ከተማችን የበጋው ፀሐይ ቀለሙን ያሰነጥቀዋል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ደግሞ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ያነሣዋል። ከደፉ አጠገብ በጥፍር ብትነኩት ይላጣል። ለዚህም አናጺና ቀለም ቀቢ እየጠራን ነው። መጥራቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አሮጌ ቀለም ያለበትን በር በደረቁ አታስፍቁ!

ቀድሞ ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ የእርሳስ ማዕድን ይጨመርበት ነበር፤ በተለይ በቢጫው፣ በቀዩና በአረንጓዴው። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ደንብ አውጥታ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። የብዙዎቻችን በር ግን ከንጉሡና ከደርግ ዘመን ጀምሮ ቀለም በቀለም ላይ ሲደረብበት የኖረ ነው። እርሳሱ በየትኛው ድርብ ውስጥ እንዳለ በዓይን አይለይም።

የብርጭቆ ወረቀት የሚያስነሣው ዱቄት ወለሉና ምንጣፉ ላይ ያርፋል። የልጅ ልጃችሁ እዚያው ላይ ይድሃል፤ እጁንም አፉ ውስጥ ይከታል። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚሰርገው ከአዋቂው አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። አእምሮውን ይጎዳል፤ የተጎዳውም አይመለስም። ትኩሳትና ሳል ስለሌለው ማንም አይጠረጥርም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ስለዚህ ቀለሙ አጥብቆ የያዘውን አጥባችሁ በላዩ ቀቡበት። የተላጠውን ብቻ ውሃ እየረጫችሁ አስፍቁ። ከሥር ላስቲክ ይነጠፍ፤ ፍቅፋቂው ተጠቅልሎ ይወገድ፤ ወለሉ በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ሥራው እስኪያልቅ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ይራቁ። ሠራተኛውም የሰው ልጅ ነው፤ አቧራ የሚያግድ ማስክ ግዙለት፤ እጁን ሳይታጠብ ምሳ አይቅረብ። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅም አዲስ ቀለም አታስነኩት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ክረምት ይህንኑ ዱቄት እንደገና ታስነሣላችሁ።

ከሁሉ በላይ፣ የተነቀለ አሮጌ በር ለምጣድ ማገዶ አታድርጉ። ጭሱ እርሳሱን ይዞ ማድ ቤት ይገባል።

ሠራተኛው «ስንት ዓመት ስሠራ ምን ሆንኩ?» ሊላችሁ ይችላል። ከፋዩ እናንተ ናችሁና ማዘዙም የእናንተ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ዱቄቱ አንዴ ልጅ ደም ውስጥ ከገባ የእኛ ጸጸት አያወጣውም።