የራስል 11 ዋንጫዎች የት ይቀመጡ?
«ከሁሉም የሚበልጠው ማን ነው?» ብለው የሚሟገቱ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች መጀመሪያ የሚመዙት የዋንጫ ቁጥር ነው፤ ማይክል ጆርዳን 6፣ ሌብሮን ጄምስ 4፣ በቃ! ቁጥር ዳኛ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ገና እ.ኤ.አ. በ1969 በተዘጋ ነበር። ያን ዓመት ጫማውን የሰቀለው የቦስተን ሴልቲክሱ ቢል ራስል በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ደግሞ ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ። እዚህ ላይ ሲደረስ የጆርዳን ደጋፊዎች ሚዛኑን ይቀይራሉ፤ «ያኔ እኮ ሊጉ 8 ቡድን ብቻ ነበረው» ይላሉ። ስለ ራስል የመጀመሪያ ዓመታት ከሆነ አልተሳሳቱም። በ1957 ሴልቲክስ ዋንጫውን ለማንሳት ሁለት ተጋጣሚ መርታት በቅቶታል፤ የጆርዳን ቺካጎ ቡልስ ግን በ1991 አራት መጣል ነበረበት። ይሁንና 8 ቡድን ማለት በአንድ ጊዜ መቶ ለማይሞሉ ተጫዋቾች ብቻ ቦታ አለ ማለትም ነው፤ የሚዝናኑበት ደካማ ተጋጣሚ እንደ ልብ አይገኝም፣ ዊልት ቻምበርሌይንን የመሰለ ግዙፍ ደግሞ በየዓመቱ ደጋግሞ ይመጣል። ዋንጫ ቆጣሪዎቹ ሌላም ጣጣ አለባቸው፦ ሮበርት ሆሪ 7 ዋንጫ አለው፤ ከጆርዳን ይበልጣል ብሎ የሚከራከርለት ግን የለም። ራስልን ይበልጥ የጎዳው የመዝገቡ ጉድለት ነው። ዋና መሣሪያው የነበረው ኳስ ማገድ በሊጉ በይፋ መቆጠር የጀመረው እሱ ካቆመ ከዓመታት በኋላ፣ በ1973 ነው። ጆርዳን 6 ጊዜ የወሰደው የፍጻሜው ኮከብ ሽልማትም የተጀመረው በራስል የመጨረሻ ዓመት ሲሆን፣ የተሰጠውም ለተሸናፊው የሎስ አንጀለስ ሌከርስ ኮከብ ለጄሪ ዌስት ነበር። ሽልማቱ ከ2009 ጀምሮ የሚጠራው፣ አንድም ጊዜ ባልወሰደው በራስል ስም ነው።