ሚዛኑ ዝም ሲል

ክብደት ለመቀነስ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ርቦት ወይም ደክሞት አይመስለኝም። ለውጥ ማየት ስላቃተው ነው። ሦስት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ተነስቶ ይራመዳል፣ ለስላሳ ይተዋል፣ የማታ እንጀራውን በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ሚዛን ላይ ይወጣል። ያው ነው። እንዲያውም ግማሽ ኪሎ ጨምሯል! "ታዲያ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሰቃየው?" ይልና በቃ ይተወዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼም፣ አሁን ትልልቅ ሰው ከሆኑ የቀድሞ ተማሪዎቼም ጋር ደጋግመን አውርተናል። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ለውጡ አለመታየቱና ለውጥ አለመኖሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለጤናችን ደግሞ ትልቁን ሥራ የሚጀምረው ያ ዓይን የማያየው ለውጥ ነው።

እስቲ ቀላል ሂሳብ እንሥራ።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። አንድ ሰው ከዕለት ምግቡ 300 ካሎሪ ቀነሰ እንበል። ይህ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተኩል ዘይት እንደማለት ነው። በሳምንት 2,100 ካሎሪ ይሆናል። ወደ ስብ ሲመነዘር ግን 300 ግራም እንኳ አይሞላም።

በሌላ በኩል የማናችንም ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል። ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥታችሁ ብትመዘኑ ወዲያው ግማሽ ኪሎ ጨመራችሁ ማለት ነው። ጨው የበዛበት ምግብ በሰውነት ውስጥ ውሃ ያስቀራል። ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሲቃረብ ሰውነታቸው ውሃ ይቋጥራል። ስፖርት አዲስ የጀመረ ሰው ጡንቻው ራሱን ሲጠግን ለጊዜው ውሃ ይይዛል። እንግዲህ የ300 ግራም ለውጥ በዚህ ሁሉ መዋዠቅ ውስጥ ቢደበቅ ምን ይገርማል? ያንኑ ነገር ሦስት ወር ብትገፉበት ግን ወደ ሦስት ኪሎ ተኩል ይጠጋል። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያወጣው ጉልበትም ስለሚቀንስ በተግባር ከዚህ ትንሽ ያንስ ይሆናል። ቢሆንም ያኔ ሚዛኑ ራሱ መናገር ይጀምራል።

የመጀመሪያው ሳምንትም ያታልላል። ምግብ ስንቀንስ ሰውነታችን ቀድሞ የሚያወጣው በጉበትና በጡንቻ ያጠራቀመውን ስኳር ነው። ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ደግሞ ወደ ሦስት ግራም ውሃ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ በአንድ ሳምንት ሁለት ኪሎ ይወርድና ሰው ደስ ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ቀጥ ሲል "ቆመብኝ" ይላል። አልቆመም። ውሃው አለቀና ተራው የስብ ሆነ፤ ስብ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

የፋሲካ ማግስትም እንዲሁ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሞ፣ በዓሉን ውሎ፣ በማግስቱ ሚዛን ላይ ወጥቶ "ሁለት ኪሎ ጨመርኩ፣ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ" የሚል አታውቁም? ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከወትሮው ምግብ በላይ ከ15,000 ካሎሪ በላይ መብላት ያስፈልጋል። ይህ የአንድ አዋቂ ሰው የሳምንት ቀለብ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዶሮ ወጡ ምን ቢጥም በአንድ ቀን ይሄ አይቻልም። ጨው ነው፣ ውሃ ነው፣ ገና ያልተፈጨ ምግብ ነው። ወደ ልማዳችሁ ከተመለሳችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው ይወርዳል። የሚጎዳን የበዓሉ ቀን ሳይሆን "ከተበላሸ አይቀር" ብለን የምንጨምረው ወር ነው።

ይሄው ሂሳብ ከሌላ ነገርም ያድነናል። "በ7 ቀን 10 ኪሎ" የሚለውን የቲክቶክና የቴሌግራም ማስታወቂያ ሁላችሁም አይታችሁታል። 10 ኪሎ ስብ 77,000 ካሎሪ ነው። ለሰባት ብናካፍለው በቀን 11,000። አንድ ሰው በየቀኑ ማራቶን ቢሮጥ እንኳ ይህን ያህል አያቃጥልም፣ ሻይ ጠጥቶ ማ ሊያቃጥል! እንዲህ ያለውን ነገር የሚገዛው ታዲያ ማነው? ብዙ ጊዜ በትክክለኛው መንገድ ጀምሮ "ምንም አላየሁም" ብሎ ያቆመው ሰው ነው። ተስፋ መቁረጥ ገንዘብም ያስወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ3,200 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት አለ። ሰዎቹ ክብደታቸው የበዛና የደም ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና ስኳር በሽተኛ ያልሆኑ ናቸው። አንደኛው ቡድን አመጋገቡን እንዲያስተካክል፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስና ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስ ታገዘ። በአማካይ የቀነሱት ስንት ይመስላችኋል? 5.6 ኪሎ ብቻ። ፎቶ ተነስቶ "በፊት" እና "አሁን" ብሎ ለመለጠፍ እንኳ የማይበቃ ነው። በዚያ ቡድን በስኳር በሽታ የተያዘው ሰው ቁጥር ግን የማስመሰያ ክኒን (ፕላሴቦ) ከተሰጠው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ያነሰ ሆነ። መስታወት ያላየውን ደማቸው አይቶታል።

ጉልበትም እንዲሁ ነው። የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው፣ ክብደታቸው የበዛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው አንድ ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ይቀንሳል። ደረጃ ስትወጡ እንደ ድሮው ካላቃጠላችሁ እሱም ውጤት ነው። ማንም ግን "እንኳን ደስ አለህ" አይላችሁም።

እንዲያውም የእኛ ሰው የሚለው ተቃራኒውን ነው። ቦርጭ ስናወጣ "ተመቸህ!" እንባላለን። ስንቀንስ ደግሞ "ምነው ከሳሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?" ብዙ ርሃብና ብዙ በሽታ ያየ ሕዝብ ክሳትን ቢፈራ አልፈርድበትም። ዛሬ ግን በየቤታችን ግፊትና ስኳር ገብቷል። ስለዚህ የሰውን አስተያየት መለኪያ ካደረግነው ገና ከጅምሩ ተሸንፈናል።

ታዲያ በምን እንለካ? እኔ የምመክረው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ሚዛን ከተጠቀማችሁ አንድ ሚዛን፣ አንድ ሰዓት። ጠዋት፣ ከሽንት ቤት በኋላ፣ ምንም ሳትቀምሱ። ዛሬ ከምሳ በኋላ ጫማና ጃኬት እንዳደረጋችሁ መንገድ ዳር ልጆቹ ጋ ተመዝናችሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰፈር ዘንበል ያለ አስፋልት ላይ ተመዝናችሁ ብታወዳድሩ ትርጉም የለውም። ቁጥሩን ጻፉት፤ የምታወዳድሩት ግን የወሩን አማካይ ካለፈው ወር አማካይ ጋር ይሁን።

ሁለተኛ፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። በወር አንድ ጊዜ እምብርታችሁ ላይ ወገባችሁን ለኩ። ሚዛኑ ዝም ባለበት ወር ሜትሩ ሊናገር ይችላል። የቀበቶ ቀዳዳም አይዋሽም።

ሦስተኛ፣ የሠራችሁትን ቁጠሩ። ግድግዳ ላይ ካላችሁ ካላንደር ላይ የተራመዳችሁበትን ቀን አክብቡ። ኪሎው መቼ እንደሚወርድ በእጃችን አይደለም፤ ዛሬ 30 ደቂቃ መራመድ ግን በእጃችን ነው። ተማሪም ዛሬ ማታ ስላጠና ነገ ጠዋት ጎበዝ አይሆንም። ማጥናቱን የምናየው ዛሬ ነው፣ ውጤቱን ሴሚስተሩ ሲያልቅ።

አራተኛ፣ በየጥቂት ወሩ ግፊትና ስኳር ተለኩ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ክብደት ሲቀንስ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። "አይታይም እንጂ እየሠራ ነው" የሚለው ነገር ራስን መደለያም እንዳይሆን። ሁለት ወር ሙሉ አማካዩም፣ ወገቡም፣ ቀበቶውም ንቅንቅ ካላሉ ለውጡ የተደበቀ ሳይሆን የሌለ ነው። ያኔ ሳትናደዱ ምግባችሁን እንደገና እዩት። ሹሮው ላይ ያለው ዘይት ስንት ነው? ሻዩ ውስጥ ስኳሩ ስንት ማንኪያ ነው? ጾም ነው ብለን የምንደጋግመው ሳምቡሳና ቦንቦሊኖስ? መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ካልተገኘ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ለጀመራችሁ ሁሉ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አትፍረዱ። ቢያንስ ሦስት ወር ስጡት። ላልጀመርነው ደግሞ፣ ጎረቤታችን ወይም ጓደኛችን ሲራመድ ካየን "አልቀነስክም እኮ" ከማለት "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? እኔም ልምጣ" ብንለው ይሻላል።