ኮሆ ሳልመንን ማስፈልፈያ ብቻውን አያድነውም

ሲያትል አጠገብ ባለው ፒዩጄት ሳውንድ ከዳር ሆኖ መንጠቆ የሚጥል ሰው ኮሆ ሳልመን ሲይዝ ቶሎ የሚያየው ጀርባው ላይ፣ ጅራቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክንፍ ነው። ተቆርጣ ከሆነ ዓሣው ማስፈልፈያ ጣቢያ ያደገ ነው፤ ይወሰዳል። ካልተቆረጠች የወንዝ ተወላጅ ነው ተብሎ በብዙ ቦታ ወደ ውሃው ይመለሳል።

ይሄ ደንብ የሚሠራው ጣቢያዎቹ ስላሉ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያለውን የኢሳኳ ጣቢያ የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ያግዙታል። እንቁላሉ ከጎርፍና ከአዳኝ ተጠብቆ ይፈለፈላል። ጫጩቱ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ወደ ባሕር ይለቀቃል፣ በ3 ዓመቱ አካባቢ ለመራባት ይመለሳል። አጥማጁ እሱን ሲወስድ የወንዙ ዓሣ ይተርፋል።

ግን ተርፎ የት ይደርሳል? ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ እንዳደረጉት፣ ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል በዝናብ ታጥቦ የከተማ ጅረት ውስጥ ሲገባ ኮሆዎችን እንቁላል ሳይጥሉ ይገድላል።

እኛ እንደሚመስለን፣ ማስፈልፈያ ለአጥማጁ ዓሣ ያደርሳል እንጂ ጅረት አያጸዳም። የመንገድ ጎርፍ በአሸዋና በኮምፖስት ሲጣራ ኮሆ በሕይወት እንደሚቆይ በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ በጀቱ ለጫጩቱ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ይመደብ። አለዚያ በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ሲያትል ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?