የዓረብ ልጅ፣ የሐበሻ ልጅ



በአትላስና በአካባቢው የሚኖር ሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ወጣ ብሎ ቢቆም የሰፈሩ ልጆች በስንት ቋንቋ እንደሚጣሉ ይሰማል። ኳሷን የሚጠይቁት በአማርኛ ነው። ንዴት ሲመጣ ግን አንዱ በየመን ዓረብኛ፣ ሌላው በሶማልኛ፣ ሦስተኛው ጅዳ በለመደው ዓረብኛ ይናገራል። በዚህ ወር የምናነሳው የእነዚህን ልጆች ጉዳይ ነው፤ አባታቸው ወይም እናታቸው ከሌላ አገር የመጡባቸው፣ አልያም ራሳቸው በሰው አገር ተወልደው ወደ ወላጆቻቸው አገር የተመለሱ። ለእነርሱ የሚከብደው ጥያቄ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም። «አገርህ የት ነው?» የሚለው ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ዕድሜያቸው የገፋ የአዲስ አበባ ሰዎች የዓረብ ሱቅን ያስታውሳሉ፤ ስኳሩን፣ ላምባውንና ክብሪቱን በትንሽ በትንሹ የሚቸረችር፣ ለታመነ ጎረቤት በዱቤ የሚሰጥ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሐድረመውት ወይም ከሰሜን የመን ተራሮች ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ሚስቱን ይዞ የመጣው ጥቂት በመሆኑ እዚሁ አገባ፤ ወለደ። አሳቡ ግን «በሚመጣው ዓመት እመለሳለሁ» እንዳለ ዓመታት አለፉ። ልጆቹ «የዓረብ ልጅ»፣ «ክልስ» እየተባሉ አደጉ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ድርጅቶችንና ትርፍ ቤቶችን በወረሰ ጊዜ ብዙዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ የመን ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ልጆቹ «ሙወለድ»፣ አንዳንዴም በቀጥታ «ሐበሺ» ተባሉ። አዲስ አበባ ላይ ዓረብ የነበረው ልጅ ሰንዓ ላይ ሐበሻ ሆነ ማለት ነው።

ይህን በጽሑፍ ያስቀመጠ ሰው አለ። ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ይባላል፤ ከየመናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት በአገራችን ተወልዶ በ1973 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን አደጋ የሞተ የዓረብኛ ደራሲ ነው። «የሙቱነ ጉረባእ» (እንግዳ እንደሆኑ ይሞታሉ) የተሰኘው ልቦለዱ ስድስት ኪሎ ስለሚነግድ አንድ የመናዊ ባለሱቅ የሚተርክ ነው። ሰውየው ያጠራቀመውን ሁሉ የመን ውስጥ ለሚያሠራው ቤት ይልካል፤ እዚህ የወለደውን ልጅ ግን ልጄ አይልም። መጽሐፉ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጠው የሚያነቡት ዓይነት አይደለም። አባቶች ለብቻቸው ቢያነቡት ግን አንጠላም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ በሌላ አቅጣጫ ተደገመ። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። በመካከላቸው እዚያው የተወለዱ፣ የኢትዮጵያን አፈር ረግጠው የማያውቁ ሕፃናት ነበሩ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 2007 ዓ.ም.፣ የየመን ጦርነት ሲባባስ ደግሞ የመናውያን ቤተሰቦች ወደ እኛ ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ውስጥ እናታቸው ወይም አያታቸው ሐበሻ የሆነች ሙወለዶች ይገኙባቸዋል። ባሕሩ ያው ባሕር ነው። ተሻጋሪው ብቻ አቅጣጫ ለወጠ።

እኛ በሥራ ቀናት በመደበኛ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ በመድረሳ የምናስተምር በመሆናችን አንዱን ልጅ በሁለት ወንበር ላይ እናየዋለን። ሰኞ ዕለት የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ፊደል ስላልቆጠረ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል፤ ጉልበቱ እንኳ ከዴስኩ ሥር አይገባም። ቅዳሜ ዕለት ግን ያው ልጅ ዓረብኛው እንደ ውሃ ስለሚፈስ «ማሻአላህ!» ይባልለታል፤ ከእርሱ በላይ የሐፈዘውና ተጅዊዱን ያሳመረው የወሎ ልጅ ከኋላው ይቆማል። ሁለቱም አያያዝ ትክክል አይደለም። ፊደል አለማወቅ ድንቁርና እንዳልሆነ ሁሉ ዓረብኛ መናገርም ዲን ማወቅ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ ዓረብኛን ከአጅሩሚያ የተማርን እኛ አፋችንን ስንከፍት እነዚህ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ፤ «ኡስታዝ፣ እንደ መጽሐፍ ነው የምትናገሩት» ይሉናል። የነሕው ፈተና የደረሰ ዕለት ግን ሳቁ ወደ እኛ ይዞራል።)

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን የልጅ አስተርጓሚነት ነው። ከውጭ የመጣ ቤተሰብ ውስጥ ቋንቋውን ቀድሞ የሚለምደው ልጁ ነው፤ ስለዚህም ወደ ሱቅ፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚወሰደው እርሱ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ በእናቷና በሐኪሙ መካከል ቆማ ስለ እናቷ ማኅፀን ስታስተረጉም አስቡት! ከቃላቱ ግማሹን አታውቃቸውም፤ የምታውቃቸውን ለመናገር ታፍራለች። ቤት አከራዩ ኪራይ ጨምሮ በዚያ ላይ አባቷን ሲዘልፍ ስድቡን ዋጥ አድርጋ ገንዘቡን ብቻ ትነግረዋለች። አባቷ ሲቆጣም ቁጣውን አለስልሳ ለአከራዩ ታቀብላለች። እንዲህ ያለችው ልጅ ጨዋና ብልህ ትመስላለች፤ ብልህም ናት። ነገር ግን ከወላጆቿ ችግር የሚሰወርባት ነገር የለም፤ አባትም በልጁ አፍ ካልሆነ መናገር ካቃተው ሲያጠፋ ለመቆጣት ይቸገራል። በየመስጊዱ ጀመዓ ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ አዋቂዎች ሞልተዋል። ከሴቶቹ አንዷ ለአንዲት ጠዋት እናትየዋን ወደ ሐኪም ቤት ብታደርስ ልጅቱ ትምህርቷ ላይ ትውላለች።

የስደተኛ ልጅ ነገር በዲናችን ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ያውም አገሩ ይህችው ሐበሻ ናት። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦች በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ነጃሺ አገር ተሰደው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከእነርሱ ከፊሎቹ እስከ ሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ ድረስ እዚህ መቆየታቸው ነው። ያ ዘመን ልጅ የሚያሳድግ ዘመን ነው። የጃዕፈር ልጅ ዐብደላህ (ረ.ዐ) የተወለደው እዚህ ነው። እናቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) መዲና እንደደረሰች ያጋጠማት ነገር በቡኻሪና በሙስሊም ተመዝግቧል። ዑመር (ረ.ዐ) ልጃቸው ሐፍሷ ዘንድ አገኟትና ሐበሻዊቱ፣ የባሕሯ ሴት ይህች ናት ወይ ብለው ጠየቁ፤ በሂጅራ ስለቀደምናችሁ ለነቢዩ ይበልጥ የምንቀርብ እኛ ነን የሚል ቃልም ጨመሩ። አስማእ ዝም አላለችም። እናንተ ከእርሳቸው ጋር ስትኖሩ እኛ በሩቅ የባዕድ አገር ነበርን ብላ ተቆጥታ መለሰች፤ ነገሩንም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አደረሰች። መልሳቸው ለእነዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላቸው የሚል ነበር። እንደ ጉድለት የተቆጠረው የባሕር ማዶ ኑሮ በእርሳቸው ዘንድ ሁለተኛ ሂጅራ ሆኖ ተቆጠረ። የመርከቧ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከአፏ ለመስማት በቡድን በቡድን እየሆኑ ይመጡባት ነበር።

የኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ነገር ደግሞ ለልጆች የቀረበ ነው። የኻሊድ ኢብን ሰዒድ ልጅ ናት፤ ከሐበሻ ስትመለስ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጥተውላቸው ከመካከላቸው ጌጥ ያለባትን አንዲት ትንሽ ጥቁር ልብስ ለማን እናልብሳት ብለው ጠየቁ። ሰዎቹ ዝም አሉ። እርሳቸው ኡሙ ኻሊድን አስጠሩና በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ጌጡንም እያሳዩ «ሰናህ» አሏት። በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት ነው። ከግዕዝ «ሠናይ» ጋር ያለውን ዝምድና የኛ አገር ሰው ለማስተዋል አይቸገርም። እስቲ ልብ በሉ፤ በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ዓረብ፣ ቋንቋው ዓረብኛ፣ ልጅቱም የቁረይሽ ልጅ ናት። እርሳቸው ግን ካደገችበት አገር ቃል መርጠው አናገሯት። ያንን ቋንቋ እርሺው አላሏትም።

ይህ ሱና ፊታችን እያለ በአንዳንድ ቤት አባት «በቤቴ አማርኛ አልሰማም፤ የቁርኣን ቋንቋ ይበቃል» ይላል። በሌላው ቤት እናት ልጇ እንዳይጠቆምበት ብላ ታክሲ ውስጥ ዓረብኛ ሲናገር በክርኗ ትጎሽመዋለች። በሱረቱ አር-ሩም 22ኛ አንቀጽ የቋንቋዎቻችንና የመልኮቻችን መለያየት ከአላህ ታምራት መሆኑ ተነግሮናል። አማርኛም ለዲን ባዕድ አይደለም፤ ወሎዬው ሼኽ ጦልሓ ጀዕፈር መንዙማቸውን በአማርኛ ገጥመዋል፤ ቁርኣንም በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ ታትሟል። ልጁ ከአባቱ ጋር በዓረብኛ፣ ከእናቱ ጋር በአማርኛ ቢነጋገር አይደናገርም። እኛ ያየናቸው የተደናገሩ ልጆች አንዱን ቋንቋ እንዲያፍሩበት የተደረጉት ናቸው።

አንድ የወረቀት ጉዳይ ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ብዙ እናቶች አያውቁትምና። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 6 እና በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። አባቱ የመናዊ ስለሆነ ብቻ ልጁ የውጭ ሰው ነው ማለት አይደለም። ይሁንና አገራችን ጥምር ዜግነትን ስለማትቀበል፣ ከሌላኛው ወላጁ የውጭ ዜግነት ያገኘ ልጅ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከአሁኑ አዘጋጁ።

የመጨረሻው የአያቶች ነገር ነው። በሰፈራችን ካሉት እናቶች ጥቂት የማይባሉት እስልምናን የተቀበሉት ከክርስቲያን ቤት ወጥተው ነው። አንዳንድ ባሎች ታዲያ «ልጆቼ ጎጃም አያታቸው ዘንድ አይሄዱም፤ ዲናቸው ይበላሻል» ይላሉ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) እናቷ ገና ሙሽሪክ ሳለች ልትጠይቃት ብትመጣ ምን ላድርግ ብላ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃ ነበር፤ ዝምድናዋን ትቀጥል ዘንድ አዘዟት። ልጁ በአባቱ ስም ይጠራል፤ የእናቱ ዘመዶች ግን በዚህ ምክንያት ባዕድ አይሆኑበትም። ስለ ምግቡ የምትሰጉ አባቶች ካላችሁ፣ የአገራችን ሰው ይህንን ከጥንት ጀምሮ ያውቅበታል። በብዙ ቤት አያቲቱ ዶሮዋን አስራ የምትቆየው አማቿ መጥቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ በራሱ እጅ እስኪያርድላት ነው።