በሌሊት መጠጥ ቤቶች ስለሚቀርብ ምግብ

በአቃቂና በቃሊቲ ብዙ ፋብሪካዎች ሥራቸውን በፈረቃ ስለሚያካሂዱ፥ አምሽቶ የሚወጣው ሠራተኛ ባዶ ሆዱን ወደ መጠጥ ቤት ጎራ ማለቱ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ግን ጠርሙስና ጥቂት ቆሎ ነው። እኛ ይህን አንደግፍም።

አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ሲሆን፥ ጨጓራ ምግብ ከያዘ መጠጡን አዘግይቶ ያሳልፈዋል፤ ስካሩም ቀስ ይላል። ሆኖም አብዝቶ የጠጣ መስከሩ አይቀርም። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በኮሮና ምክንያት በአንዳንድ አውራጃዎች መጠጥ ያለ በቂ ምግብ እንዳይሸጥ ባዘዘ ጊዜ፥ የአገሩ ሰው በሥጋ የተለበጠ አንድ እንቁላል ምግብ ነው አይደለም እያለ ተከራክሮ ነበር።

በእኛ ዘንድ ግን ዋናው ነገር የምግቡ ንጽሕና ነው። በሌሊት የሚቆረጠው ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያመጣ ይችላል፤ ብርጭቆውም በአንድ ሳፋ ውሃ እየተነከረ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ስለዚህ ባለ መጠጥ ቤቱ ምግብ ያቅርብ ስንል፥ ትኩስ ሽሮ (ዋጋውም ለሠራተኛው ይቀላል) ወይም በሚገባ የበሰለ ጥብስ፥ ከእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ጋር ማለታችን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥን ከልክሏል። እኛ ደግሞ የማድቤቱ እሳት ከጠፋ በኋላ መጠጥ መቅዳቱ ቢቀር እንወዳለን፤ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ከባድ የጭነት መኪናዎች ሲያልፉ ያድራሉና።